ሰዓተ ብርሃን፦ ከአፈሩ በፊት የሚታወቅ ነገር

በጀርመን እ.ኤ.አ. ከአፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በመኖሪያ ቤቱ ለራሱ ፍጆታ እስከ ሦስት የካናቢስ ተክል ማሳደግ ተፈቅዶለታል። እዚያ አገር፣ ቤቱ ውስጥ፣ ያለ ኬሚካል ማዳበሪያ ከዘር አንስቶ ለማሳደግ የተነሳ ጀማሪ ገና የዘሩን ፓኬት ሲያነሳ «ፎቶፔሪየድ» የሚል ቃል ያገኛል። አብዛኛው ሰው ቃሉን ዘሎ ስለ አፈር ይጠይቃል፤ ብስባሹ ስንት እጅ ይሁን? የትል ፍግ ይግባበት ወይስ ይቅር? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ይሁንና የቱንም ያህል ለም አፈር ቢዘጋጅለት፣ የብርሃንና የጨለማ ሰዓቱ የተዛባበት ተክል ቅጠል ሲያወጣ ይከርማል እንጂ በወጉ አያብብም።

ፎቶፔሪየድ ማለት በ24 ሰዓት ውስጥ ተክሉ ብርሃን የሚያገኝበት የጊዜ ርዝመት ነው። በአማርኛ «ሰዓተ ብርሃን» ብንለው ይገልጸዋል። ተክሉ ይህን ርዝመት እየለካ ማበቢያውን የሚወስንበት ባሕርይ ፎቶፔሪየዲዝም ይባላል፤ እሱን «ሰዓተ ብርሃን ጠባቂነት» ማለት ይቻላል። የብርሃኑ ብርታት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ብርታቱ ተክሉ ምን ያህል እንደሚፋፋ ይወስናል፤ ሰዓቱ ደግሞ ቅጠል ያብዛ ወይስ አበባ ይያዝ የሚለውን።

ነገሩን ቀድሞ ያስተዋለው ፈረንሳዊው ዡልየን ቱርኗ ነበር። የመረመራቸውም ተክሎች ሄምፕ፣ ማለትም ካናቢስ ራሱ፣ እና ለቢራ ምሬት የሚጨመረው ሆፕስ ናቸው፤ ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ቱርኗ በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ብርሃን ያገኙ ተክሎች ያለ ዕድሜያቸው ሲያብቡ አየ። ሥራውን ሳይጨርስ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መባቻ ሞተ። ጉዳዩን ከዳር ያደረሱት የአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች ጋርነርና አላርድ ናቸው፤ ቦታውም ዛሬ ፔንታጎን በቆመበት አካባቢ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በቨርጂኒያ አርሊንግተን የነበረ የሙከራ እርሻ ነው። «ሜሪላንድ ማሞዝ» የተባለ የትምባሆ ዓይነት በበጋ ከሰው ቁመት አልፎ ይመዘዛል፣ አበባ ግን አያወጣም፤ በክረምት ግሪንሃውስ ውስጥ ሲተከል ገና አጭር ሳለ ያብባል። ሙቀቱን ፈተሹ፣ አፈሩን ፈተሹ፣ ምክንያቱ አልተገኘም። በመጨረሻ ተክሎቹን በበጋ ከቀትር በኋላ ጨለማ ጎጆ እያስገቡ ቀኑን ሲያሳጥሩባቸው አበባ መጣ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1920 ሲያሳትሙ ፎቶፔሪየድ የሚለውን ስም የሰጡትም እነሱ ናቸው።

ከዚያ በኋላ የተገኘው ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። እ.ኤ.አ. በ1938 ሃምነርና ቦነር የተባሉ ተመራማሪዎች ልብስ ላይ በሚጣበቅ አንድ እሾሃማ አረም ላይ ሲሞክሩ፣ ረዥሙን ሌሊት በአጭር ብርሃን ቢያቋርጡት ተክሉ ማበቡን ተወ፤ ቀኑን በጨለማ ቢያቋርጡት ግን ምንም አልሆነም። ተክሉ የሚለካው ሌሊቱን ነው፤ ያውም ያልተቋረጠ ሌሊት። መለኪያው በቅጠሉ ውስጥ ያለ ፋይቶክሮም የሚባል ቀለም አዘል ፕሮቲን ሲሆን፣ ከሁሉ አብልጦ የሚያነበው ቀይ ብርሃንን ነው። ስለዚህ «የአጭር ቀን ተክል» ስንል በእውነቱ ረዥም ሌሊት ፈላጊ ማለታችን ነው፤ ስሙ ግን ጸንቶ ቀርቷል።

ካናቢስ የአጭር ቀን ተክል ነው። ቤት ውስጥ የሚያሳድጉ ሰዎች ዘሩ ጎንቁሎ ቅጠል ካወጣ ጀምሮ ለጥቂት ሳምንታት 18 ሰዓት ብርሃን፣ 6 ሰዓት ጨለማ ይሰጡታል። ይህ ግንዱና ቅጠሉ የሚጠነክርበት ዘመን ነው። ከዚያ መብራቱን 12 ሰዓት አብርተው 12 ሰዓት ያጠፋሉ። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት አንጓ ላይ ምልክቱ ይታያል፦ ጥንድ ጥንድ ነጭ ክር ካወጣ ሴቴ ነው፤ ትንንሽ ድቡልቡል ከረጢት ካንጠለጠለ ወንዴ ነው። አበባው እስኪበስል በአብዛኛው ከ8 እስከ 10 ሳምንት ይወስዳል።

በተፈጥሮ ማዳበሪያ ለሚያሳድግ ሰው ይህ የሰዓት ለውጥ ተጨማሪ ትርጉም አለው። ኬሚካል ማዳበሪያ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ወዲያው ሥር ይደርሳል። ብስባሽና የትል ፍግ ግን በአፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ሳምንታት ወስደው ካላብላሉት ለተክሉ ምግብ አይሆንም። ወደ 12 ሰዓት የተዛወረ ተክል ደግሞ ፈጥኖ ይመዘዛል፤ ቁመቱ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አፈሩ ላይ የሚጨመረው ብስባሽ መጨመር ያለበት መብራቱ ከማጠሩ በፊት ነው እንጂ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን አይደለም። በሌላ በኩል ገና የበቀለ ችግኝ ፍግ በበዛበት አፈር ይቃጠላል፤ ለእሱ ቀለል ያለ አፈር፣ ሞቅ ያለ ክፍልና ጥቂት ውሃ ይበቃዋል።

ፓኬቱ ላይ የሚገኘው ሌላው ቃል «አውቶፍላወር» ነው። ይህኛው ሰዓት አይጠብቅም፤ «በዕድሜው የሚያብብ» ማለት ይሻላል። ባሕርዩን የወረሰው ሩደራሊስ ከሚባለው፣ በጋው አጭር በሆነበት በሩሲያና በመካከለኛው እስያ ከሚበቅለው የካናቢስ ዓይነት ነው። ብዙዎች ለጀማሪ ይቀላል ይላሉ፤ እኔ አልስማማም። ሰዓተ ብርሃን ጠባቂው ችግኝ በስህተት ቢጎዳ ብርሃኑን በ18 ሰዓት አቆይቶ እንዲያገግም መጠበቅ ይቻላል። በዕድሜው የሚያብበው ግን ቢጎዳም ባይጎዳም ቀኑ ሲደርስ ያብባል።

ሰዓተ ብርሃን ለእኛ ሩቅ ነገር የሚመስለው ከምድር ወገብ ብዙም ስለማንርቅ ነው። በአዲስ አበባ የዓመቱ አጭር ቀን 11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ረዥሙ ደግሞ ወደ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው፤ በርሊን ላይ ግን በሰኔ ቀኑ ወደ 17 ሰዓት ይጠጋል፣ በታኅሣሥ 8 ሰዓት አይሞላም። ጤፍ የአጭር ቀን ተክል በመሆኑ በሰሜን አውሮፓ ረዥም በጋ ሲዘራ አበባው ይዘገያል። አገር ቤት ያሉ የአበባ እርሻዎችም ረዥም ቀን የሚፈልገው ሃይፐሪከም የተባለ ተክል እንዲያብብ በሌሊት አምፖል ያበሩለታል። ግብርናችን ጉዳዩን በተግባር ያውቀዋል ማለት ነው። ካናቢስን ያለ ፈቃድ ማብቀል ግን በኢትዮጵያ ሕግ ወንጀል ነው፤ እዚህ የተነገረው ሕጉ በሚፈቅድበት አገር ለሚኖር አዋቂ ነው። ጀርመንም ብትሆን ተክሉን ከልጆች እጅ አርቆ መጠበቅን ታስገድዳለች።

ሕጉ የሚፈቅድልዎ ከሆነ ዘሩን ከመግዛትዎ በፊት ታይመር ይግዙ፤ መብራቱን በእጅ ማብራትና ማጥፋት አንድ ቀን መረሳቱ አይቀርም። ከዚያ ተክሉ የሚቀመጥበትን ድንኳን ወይም ቁም ሣጥን መብራቱን አጥፍተው፣ ውስጥ ሆነው ዘግተው ለጥቂት ደቂቃ ይቆዩ። ዓይንዎ ጨለማውን ሲለምድ በዚፕ ስፌት የሚገባ ጭላንጭል ወይም በኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ላይ የምትበራ ቀይ መብራት ካዩ በጥቁር ፕላስተር ይሸፍኑ። ሌሊቱ ደጋግሞ የተቋረጠበት ሴቴ ተክል ወንዴ አበባ ሊያወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ መከሩ በዘር ይሞላል።