አራት ሽልማት በአንድ ቀን

ከእንግሊዝ አገር በስተ ምዕራብ ዌልስ የምትባል ተራራማ አገር አለች፤ የደቡብ ሸለቆዎቿም በከሰልና በብረት ሥራ እጅግ የታወቁ ነበሩ። ጆን ሄንሪ ዊሊያምስ፥ በተለምዶ ስሙ ጃክ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1886 ዓ.ም. ከነዚህ ሸለቆዎች በአንዱ፥ ናንቲግሎ በተባለው ስፍራ ተወለደ። ካደገም በኋላ እንጀራው ከከሰል ማዕድን ነበረ። በ1914 ዓ.ም. ታላቁ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ሳውዝ ዌልስ ቦርደረርስ ከሚባለው እግረኛ ጦር በ10ኛው ሻለቃ ገብቶ ዘመተ።

በጁላይ 1916 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር የማሜትዝን ዱር ከጀርመኖች ለማስለቀቅ በተደረገው ውጊያ ከዌልስ ክፍለ ጦር 4000 ያህል ሰው ሞተ፥ ቈሰለ፥ ጠፋም። ጃክ በዚያ ስለ ፈጸመው ጀብዱ የመጀመሪያውን ሜዳይ አገኘ። በ1917 ዓ.ም. በቤልጅግ አገር በፒልከም ኰረብታ ሁለተኛውን ተቀበለ። ሦስተኛው ግን ጠላት ስለ መግደል አልነበረም፤ በዚያው ዓመት በአርማንቲየር አጠገብ የቈሰለ ጓደኛውን ከእሳት መካከል ስላወጣ ነው።

ጦርነቱ ሊያልቅ አምስት ሳምንት ያህል ሲቀረው፥ በኦክቶበር 1918 ዓ.ም. ጦሩ ቪለር ኡትሮ የምትባለውን የፈረንሳይ መንደር ሲያጠቃ አንድ የጠላት መትረየስ ብዙ ሰው ፈጀ። በዚያን ጊዜ ሻምበል ባሻ የነበረው ጃክ ከወገኑ አንድ መትረየስ በፊት ለፊት እንዲተኵስ አዘዘና ብቻውን በጐን ዞሮ ምሽጉን ደፈረ፤ 15 ሰዎችም ማረከ። ምርኮኞቹ ግን ብቻውን መሆኑን ባዩ ጊዜ ተነሡበት፤ አንዱም ጠመንጃውን ጨበጠ። እርሱም ታግሎ አስለቀቀ፤ አምስቱን በሳንጃ ወጋ፤ የቀሩት እንደገና እጃቸውን ሰጡ። ስለዚህም ከሁሉ የሚበልጠው የቪክቶሪያ መስቀል ተፈረደለት። ነገር ግን ወዲያው ክንዱና እግሩ በመድፍ ፍንጣሪ ክፉኛ ስለ ቈሰለ ከጦሩ ተሰናበተ።

ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ አራቱን ሽልማት በአንድ ቀን ሰጡት። በዚያው በክብሩ ቀን ግን የክንዱ ቍስል ተከፍቶ ደም ስለ ፈሰሰው ከቤተ መንግሥቱ ሳይወጣ ሐኪም ይረዳው ዘንድ ግድ ሆነ። ከዚያ በኋላ ወደ ሸለቆው ተመልሶ ኖረ፤ በ1953 ዓ.ም. ዐረፈ።

እንግዲህ የጀግናን ደረት አይተው ኒሻኑን የሚቈጥሩ ሰዎች ከልብሱ በታች ያለውንም ቍስል ይቍጠሩ። ኒሻኑ በአንድ ቀን ይሰጣል፤ ዋጋው ግን በአንድ ቀን ተከፍሎ አያልቅም።