ባዕድ መሣሪያ፥ የአገር ዜማ

በላሊበላ በየዓመቱ በልደት በዓል ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው ዓለት አናት ላይ፥ ሌሎቹም ከታች ከቅጽሩ ቆመው ቤዛ ኵሉን ሲቀባበሉ፥ ከበሮው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ያጅበዋል እንጂ አይሸፍነውም። ይህ ሕግ በዓለማዊው ሙዚቃ ደግሞ በአቶ ሙላቱ አስታጥቄ ሥራ ይታያል።

እኚህ ሰው በ1936 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ እንደሚዞር፥ እሳቸውም ምህንድስና ሊማሩ ወደ ዌልስ ሄደው፥ ኋላ ሙዚቃን መርጠው በለንደን፥ ከዚያም በአሜሪካ በበርክሊ ተማሩ። በዚያም የጥቁር አሜሪካውያንን ጃዝ ቀሰሙ።

ነገር ግን የሰው ቤት ትምህርት የአባታቸውን ቤት አላስረሳቸውም። ትዝታንና አንቺ ሆዬን፥ በወሎ ምድርም በሚገኙ ስፍራዎች ስም የሚጠሩትን አምባሰልንና ባቲን ከጃዝ ጋራ አስማምተው ኢትዮ ጃዝ የተባለውን አስገኙ። ሥራው ቀላል አልነበረም። የአገራችን ቅኝት በአምስት ድምፅ የቆመ ሲሆን፥ ጃዝ አሥራ ሁለቱን ድምፅ ሁሉ ይጠቀማል፤ አጃቢው ከበዛ የቅኝቱ መልክ ይጠፋል። ስለዚህ በፒያኖና በቫይብራፎን ሲጫወቱ የቅኝቱን ጠባይ ጠበቁ።

በ1966 ዓ.ም. ስመ ጥሩው ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ አብረውት ተጫወቱ። በ1997 ዓ.ም. ዜማዎቻቸው በአንድ የአሜሪካ ፊልም ገብተው በዓለም ተሰሙ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በሐርቫርድ ሳሉ የያሬድ ኦፔራ ከተባለው ድርሰታቸው ከፊሉን አሰሙ፤ እንዲህም ብዙ አገር የዞረው ተማሪ ወደ መጀመሪያው መምህር ተመለሰ።

ለወጣቶቻችንም ትምህርቱ ይህ ነው፤ ሰሙ ከባሕር ማዶ ቢመጣ እንኳ ወርቁ የአገር ሊሆን ይገባዋል።