መጀመሪያ ማን ይተባበር?

በጥር 1950 (እ.ኤ.አ.) ራንድ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም፣ ሜሪል ፍለድ እና ሜልቪን ድሬሸር አንድ ጨዋታ ፈጠሩ። በኋላ «የእስረኞች አጣብቂኝ» የተባለው ነው። ሁለቱም ከተባበሩ ሁለቱም ይጠቀማሉ። አንዱ ሲተባበር ሌላው ቢከዳ ግን ከሃዲው የበለጠ ያገኛል፣ ተባባሪው ይከስራል። ሁለቱም ከከዱ የሁለቱም ድርሻ ያንሳል። ደረቁ ስሌት «ሁሌም ክዳ» ይላል።

ኢኮኖሚስቱ አርመን አልቺያን እና የራንዱ ጆን ዊሊያምስ 100 ዙር ተጫወቱት። ውጤቱስ? በ60ዎቹ ዙሮች ሁለቱም ተባበሩ! ጆን ናሽ ይህን ሲያይ፣ ይሄ 100 የተለያየ ጨዋታ ሳይሆን አንድ ረጅም ጨዋታ ነው አለ። ልክ ነው፤ ነገ የምታገኘውን ሰው ዛሬ መክዳት ዋጋ አለው።

ከ30 ዓመት በኋላ ሮበርት አክስልሮድ ነገሩን ወደ ኮድ አመጣው። ባለሙያዎች የላኩለትን 14 ፕሮግራሞች እርስ በርስ አጋጠማቸው። ያሸነፈው ከሁሉም አጭሩ፣ የአናቶል ራፖፖርት «ቲት ፎር ታት» ሆነ። ሥራው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ መጀመሪያ ተባበር፤ ከዚያ ሌላው ባለፈው ዙር ያደረገውን አድርግ። በሁለተኛው ውድድር 62 ፕሮግራሞች ቀረቡ። ላኪዎቹ የመጀመሪያውን ውጤት እያወቁም እሱው ደገመ። የሚገርመው፣ በየትኛውም ግጥሚያ ተጋጣሚውን በነጥብ በልጦ አያውቅም። ያሸነፈው አብሮ በማትረፍ ነው።

«ይሄ እኮ ኮምፒውተር ላይ ነው» ልትሉ ትችላላችሁ። እንግዲያው ወደ ባሌ እንሂድ።

ዴቬሽ ሩስታጊ፣ ስቴፋኒ ኤንግል እና ሚካኤል ኮስፌልድ በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ ደን በጋራ የሚጠብቁ 49 ቡድኖችን፣ በድምሩ 679 አባላትን በእውነተኛ ብር አጫወቱ። ጥያቄው «ሌላው ይህን ያህል ቢያዋጣ አንተ ስንት ታዋጣለህ?» ነበር። ከሦስቱ አንዱ ያህል «እሱ ከሰጠ እሰጣለሁ» የሚሉ ዓይነት ሆኑ። ቀጥሎ ተመራማሪዎቹ ደኑን አዩ። እንዲህ ያሉ ሰዎች በበዙበት ቡድን ደኑ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ምክንያት፣ እነዚህ ሰዎች ጊዜያቸውን ሰውተው ደኑን እየዞሩ በመጠበቃቸው ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ተረቱ ያልነገረን፣ ያላበረውን ድር ማን ይጠይቀው የሚለውን ነው። የባሌው መልስ ግልጽ ነው፦ ደን የሚተርፈው በየዋህ ብቻ አይደለም፤ ቀድሞ በሚሰጥ፣ ሲከዳም ዝም በማይል ሰው ነው።