መንግሥታት ሲኳረፉ ሕዝብ ምን ይሠራል?

«ዲፕሎማሲ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ምን ይታይዎታል? ብዙዎቻችን የምናስበው አምባሳደርን፣ ባንዲራ የሰቀለ መኪናንና በረጅም ጠረጴዛ ላይ የሚፈረም ሰነድን ነው፡፡ ለመሆኑ አምባሳደሮቹ ሻንጣቸውን ይዘው ከወጡ በኋላ በሁለት ጎረቤት አገሮች መካከል የሚቀረው ማን ነው? ለዚህ ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ የእኛና የኤርትራ ታሪክ ይበቃናል፡፡

በ1990 ዓ.ም. በባድመ የተነሣው ግጭት ወደ ለየለት ጦርነት ሲያመራ የተቋረጠው የመንግሥታቱ ግንኙነት ብቻ አልነበረም፡፡ የቀጥታ ስልክ ተቋረጠ፣ አውሮፕላን ቆመ፣ መንገድ ተዘጋ፡፡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከኖሩበት አገር ተባረሩ፡፡ ባል ወዲህ ሚስት ወዲያ የቀሩበት ቤት ስንት ነው! በድንበሩ ግራና ቀኝ የሚኖረው የአፋር ሙስሊም ወንድማችንም ዘመዱን ለመጠየቅና ለቅሶ ለመድረስ ተቸገረ፡፡

እንግዲህ በዚያ ወቅት ነው፣ በ1991 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የሁለቱ አገሮች የሃይማኖት መሪዎች በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ የተገናኙት፡፡ ከየአገሩ የኦርቶዶክስ፣ የእስልምና፣ የካቶሊክና የወንጌላውያን ተወካዮች ነበሩበት፡፡ ስብሰባውን ያመቻቸው የኖርዌይ ቤተ ክርስቲያን የእርዳታ ድርጅት ነው፡፡ (ጋባዡ የቤተ ክርስቲያን ድርጅት መሆኑ የሙስሊሞቹን ተወካዮች አላስቀራቸውም፤ ለእርቅ የተጠራ ሽማግሌ የማን ደጃፍ ነው ብሎ አይመርጥምና፡፡) ግንኙነቱም በዚያ አላበቃም፤ በጦርነቱ ዓመታት በተለያዩ ከተሞች ደጋግመው ተቀምጠዋል፡፡

ታዲያ ጦርነቱን አስቆሙት? አላስቆሙትም፡፡ በጥር 1991 መጨረሻ ውጊያው እንደገና ተቀሰቀሰ፤ በግንቦት 1992 ደግሞ እጅግ ከፋ፡፡ ተኩስ የቆመው በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሸምጋይነት ሰኔ 11 ቀን 1992፣ የሰላሙ ስምምነት በአልጀርስ የተፈረመው ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ነው፡፡ እውነቱን እንነጋገርና፣ በሁለቱም ወገን የነበሩት መሪዎች ከየመንግሥታቸው ዓይን የራቁ አልነበሩም፡፡ እንደልቡ የማይናገር ሽማግሌ ደግሞ የሚችለው ውስን ነው፡፡ ያም ሆኖ ባለሥልጣናቱ በዜና ማሰራጫ ሲወራረፉ እነርሱ ፊት ለፊት ተያይተዋል፡፡ ይህን ሥራ እኔ ቀላል ነው ብዬ አላልፈውም፡፡

ከመንግሥታቱ ውጭ የሆነው ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴም የነበረውን ድርሻ ልብ ይበሉ፡፡ ምርኮኞችን እየመዘገበ ጠየቀ፣ የቤተሰብ መልእክት አደረሰ፣ ሲቪሎችን መረብን አሻግሮ ወደየአገራቸው መለሰ፡፡ በኢትዮጵያ እጅ የነበሩት የመጨረሻዎቹ የተመዘገቡ ኤርትራውያን ምርኮኞች የተመለሱት በኅዳር 1995 ነበር፡፡

ከዚያ በኋላ ጦርነትም ሰላምም የሌለበት ረጅም ዘመን ሆነ፡፡ ሐምሌ 2 ቀን 2010 የሁለቱ አገሮች መሪዎች አሥመራ ላይ ፈረሙ፡፡ ስልክ ሲከፈት ሰዎች የማያውቁትን ቁጥር እየደወሉ ከወዲያ ማዶ ካለ ሰው ጋር ሰላምታ ተለዋወጡ፡፡ መስከረም 1 ቀን 2011 ቡሬና ዛላምበሳ ሲከፈቱ ሃያ ዓመት የተለያየ ዘመድ መንገድ ላይ ተቃቅፎ አለቀሰ፡፡ አልሐምዱሊላህ ያላለ ማን ነበር?

ነገር ግን ያ በር የተከፈተው በሁለት መሪዎች ፈቃድ ነበር፡፡ ነጋዴው፣ የአገር ሽማግሌው፣ ሼኹና ቄሱ በድንበሩ አሠራር ላይ ተቀምጠው እንዲመክሩ የተደረገበት ቋሚ ሸንጎ አልተቋቋመም፡፡ ዓመቱ ሳያልቅ ሁለቱም መተላለፊያዎች ዳግም ተዘጉ፡፡ ለምን እንደተዘጉም ለዘመድ ጥየቃ ይመላለስ ለነበረው ሕዝብ በግልጽ የነገረው አልነበረም፡፡