ፍላጻው ሲስት ጥፋቱ የማን ነው?

በነፋስ ስልክ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት ባልቴት ጥጥ የሚነድፉት በደጋን ነው። ጥጡ አልፍታታ ሲላቸው ጥጡንም እጃቸውንም አይወቅሱም፤ አስቀድመው ጅማቱን በጣታቸው መታ አድርገው ድምፁን ያዳምጡና የረገበ እንደ ሆነ ያጠብቁታል። «ነደፈ» የሚለው ቃላችን ጥጥ ለሚያፍታታውም ፍላጻ ለሚወረውረውም የሚነገር ስለ ሆነ፣ ነገሩ ስለ ቀስት ታሪክ እንድጠይቅ አነሣሣኝ። በዚህ አጭር ጽሑፍ፣ ፍላጻ ዒላማውን ሲስት ጥፋቱ የዓይንና የእጅ ብቻ ነውን የሚለውን ለመመርመር እሞክራለሁ። ዘመናቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በታሪክ መጻሕፍት ቀስተኛ የሚመሰገነው በዓይኑ ነው። የጥንት ግብጻውያን ኑብያን «የቀስት አገር» ይሉት ነበር። በ7ኛው መቶ ዓመት ወደዚያ የዘመቱት ዓረቦችም ብዙ ሰው ዓይኑን ስለ ተወጋባቸው ኑብያውያንን «ዓይን መቺዎች» አሏቸው። በአገራችንም በ16ኛው መቶ ዓመት የኢማም አሕመድን ዘመቻ የጻፈው ዓረብ ፈቂህ፣ ማያ የተባሉትን ባለ መርዝ ፍላጻ ቀስተኞች ያነሣል። ነገር ግን እነዚህ የምስጋና ስሞች ዘንጉን ማን እንዳቃናው፣ ጅማቱንም ማን እንደ ወጠረው አይነግሩንም።

የዚህ ሰው ሥራ ግን ቀላል አልነበረም። ፍላጻ ሲለቀቅ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ጅማቱ ከኋላ ሲገፋው እንደ ዓሣ እየተጣመመ በእጀታው አጠገብ ያልፋል። ይህንንም አሜሪካዊው ክላረንስ ሂክማን በ1930ዎቹ በፈጣን ፊልም አንሥቶ አሳይቷል። ስለዚህ ዘንጉ ለቀስቱ ኀይል ሲበዛ የሚለመጥ ወይም ሲበዛ ድርቅ ያለ ከሆነ፣ ዓይን ምንም ቢያተኩር ፍላጻው ወደ ጎን ይስታል።

በ1966 የሚዙሪው ሰው ሆሌስ ዊልበር አለን በክንዶቹ ጫፍ መዘውር ለተከለበት ቀስት የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ በ1969ም ተፈቀደለት። ይህ ኮምፓውንድ የሚባለው ቀስት ተስቦ ሲያበቃ በጣት ላይ የሚቀረው ክብደት ስለሚቀንስ፣ ቀስተኛው ሳይንቀጠቀጥ ያነጣጥራል። ዳሩ ግን አዲስ ጣጣም አመጣ፤ ሁለቱ መዘውሮች እኩል ካልዞሩ ፍላጻው ይዛባል። ስለዚህ ማስተካከሉ ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ መዘውሮቹ እኩል ይደረጋሉ። ቀጥሎ ከሁለት ሜትር ያህል ርቀት ፍላጻው በተወጠረ ወረቀት ውስጥ ይሰደዳል። የጫፉ ቀዳዳና የላባዎቹ ቅዳጅ አንድ ማእከል ካላቸው ፍላጻው ቀንቷል፤ የላባዎቹ ቅዳጅ ከጫፉ ቀዳዳ በላይ ከሆነ ግን፣ ፍላጻው ጅማቱን የሚይዝበት ነጥብ ከፍ ብሏልና ዝቅ ይደረጋል። ማነጣጠሪያው የሚነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም አንድ ፍላጻ ታይቶ ሳይሆን ብዙ ተወርውሮ። ሁሉም ባንድ ሥፍራ ተሰብስበው ወደ ግራ ካረፉ ማነጣጠሪያውም ወደ ግራ ይገፋል። ተበታትነው ካረፉ ግን እርሱን መነካካት ከንቱ ድካም ነው። እንግዲህ የተሰበሰበ ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ የመሣሪያ ሲሆን፣ የተበታተነው ብዙ ጊዜ የእጅ ነው።

ይህ ፍርድ ለታሪክ ተማሪም የሚጠቅም ይመስለኛል። በአገራችን ተዋጊው ሲወደስ ባለ እጁ ግን ብዙ ዘመን ሲናቅ ኖሯል፤ ዳግማዊ ምኒልክም በ1908፣ ማለት በእኛ በ1900 ዓ. ም.፣ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣት አስፈልጓቸዋል። የመታውን ስንጽፍ መሣሪያውን ያቃናለትን ብንዘነጋ፣ የታሪካችን ማነጣጠሪያ ራሱ ዘምሟል ማለት ነው። የቀድሞዎቹን ቀስት ሠሪዎች ዛሬ ልንጠይቃቸው አንችልም። ደጋን የሚያጠብቁት እናቶች ግን በየሰፈራችን አሉ፤ ጓደኞቼ ሆይ፣ የጅማቱን ድምፅ እንዴት እንደሚለዩ ሳይረፍድ ጠይቀን ብንጽፍ መልካም ነው።