ዘሯን ያልካደች ተዋናይት

የቀድሞ ዘመን የሲኒማ ተዋንያን ሲነሡ ቶሎ ባፋችን የሚመጡት ጥቂቶቹ ናቸው። ከተረሱት መካከል እኛ ለዚህ የበዓል መጽሔታችን የመረጥነው ፍሬዲ ዋሽንግተን የምትባለውን ጥቁር አሜሪካዊት ነው። የመረጥናትም ስለ ውበቷ ብቻ አይደለም፤ ውበቷ ራሱ እንጀራዋን ስለ ዘጋባት ነው። (ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ፍሬዲ በ1903 ዓ.ም. በጆርጂያ፥ ሳቫና በተባለው ከተማ ተወለደች። በኒው ዮርክ በመጀመሪያ የታወቀችው በዳንስ ነበር፤ በ1929 ዓ.ም. ከስመ ጥሩው ሙዚቀኛ ከዱክ ኤሊንግተን ጋር በአንድ አጭር ፊልም ታየች። መልኳ እጅግ የቀላ ስለ ነበረ የማያውቃት ሁሉ ነጭ ናት ይል ነበር። በ1933 ዓ.ም. «ኤምፐረር ጆንስ» በተባለው ፊልም ከፖል ሮብሰን ጋር ስትሠራ፥ ተመልካች ጥቁር ሰው ነጭ ሴት አቀፈ ብሎ እንዳይቆጣ ፊቷን ቀለም ቀብተው አጠቆሩት። ይህን ስንሰማ መጀመሪያ ሳቅን፤ ኋላ ግን በሳቃችን አፈርን።

ስሟ የገነነው በ1934 ዓ.ም. በወጣው «ኢሚቴሽን ኦፍ ላይፍ» ነው፤ ትርጓሜውም ሕይወትን መምሰል ማለት ነው። በዚህ ፊልም ፒዮላ የምትባል፥ ጥቁርነቷን ደብቃ እንደ ነጭ ለመኖር የምትሻ ልጅ ሆናለች። እናቲቱን የምትጫወተው ሉዊዝ ቢቨርስ ናት። ፒዮላ ከምግብ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ሆና ስትሠራ እናቷ ፈልጋ ብትመጣ፥ በሰው ፊት አላውቃትም ብላ ትክዳታለች። ሌላ ተዋናይት ብትሆን ይህችን ልጅ ክፉ ብቻ አድርጋ ባሳየቻት ነበር፤ ፍሬዲ ግን እየካደች የምትሠቃይ ሰው አደረገቻት። ፊልሙን አብረን ባየንበት ማታ፥ ሲያበቃ ከመቀመጫው ለመነሣት የቸኮለ ከመካከላችን አልነበረም።

የሚገርመው፥ ብዙ ሰዎች ተዋናይቱንም እንደ ፒዮላ ዘሯን የምትክድ መሰለቻቸው። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነበር። ነጭ ነኝ ብትል የሆሊውድ በር እንደሚከፈትላት እያወቀች እምቢ አለች። ዳሩ ግን በዚያ ዘመን ለጥቁር ሴት የሚሰጠው የገረድ ቦታ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ መልኳ አይሆንም ተባለ። ስለዚህ ከ1937 ዓ.ም. በኋላ በሆሊውድ ፊልም አልሠራችም። በዚያው ዓመት ከሌሎች ጋር ሆና የጥቁር ተዋንያንን ማኅበር አቋቋመች፤ ኋላም የእኅቷ ባል የነበረው አዳም ክሌይተን ፓወል በመሠረተው ጋዜጣ ስለ ቴአትር ትጽፍ ነበር። (ይህ ሰው ስሟ ካገራችን የቀድሞ መጠሪያ የተወሰደው የሐርለም አቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበረ።)

በ1959 ዓ.ም. ፊልሙ እንደገና ተሠራ። የልጅቱን ቦታ ያገኘችው ሱዛን ኮህነር፥ ጥቁር ዘር የሌላት ተዋናይት፥ ለኦስካር ሽልማት ታጨች። በ1934 ዓ.ም. ለደጋፊ ተዋንያን የሚሰጠው ሽልማት ገና አልተጀመረም ነበር። አዲሱ ፊልም ሲወጣ ፍሬዲ የ55 ዓመት ሴት ነበረች፤ ያረፈችው በ1994 ዓ.ም. ነው።