ቋሚ ሞተር በእንግሊዝ የወተት እርሻዎች

እንደሚታወቀው የወተት ሥራ ቀጠሮ አይቀበልም። የምትታለብ ላም እንደ ልማዱ በቀን ሁለት ጊዜ ትታለባለች፤ ወተቱም ሳይበላሽ መልክ መያዝ አለበት። የኤሌክትሪክ መስመር ወደ እንግሊዝ ገጠር ጠልቆ ከመግባቱ በፊት ይህን ፋታ የሌለው ድካም ከገበሬው ክንድ ላይ ያቃለለለት በአንድ ስፍራ ተተክሎ የሚሠራው ቋሚ ሞተር ነበር።

ከሞተሩ የቀደሙት ግን በኋላ እርሱ ያንቀሳቀሳቸው መሣሪያዎች ናቸው። ስዊድናዊው መሐንዲስ ጉስታፍ ደ ላቫል እ.ኤ.አ. በ1878 ወተትን በፍጥነት እያሽከረከረ ስልባቦቱን የሚለይ መኪና ሠራ። በ1895 ደግሞ በግላስጎው አሌክሳንደር ሺልስ እንደ ጥጃ እየሳበና እየለቀቀ የሚያልብ መሣሪያ አስገኘ። ሁለቱም የሚሹት ብዙ ጉልበት ሳይሆን የማይዋዥቅ ጉልበት ነው፤ የመለያው ፍጥነት ከቀነሰ ስልባቦቱ ከወተቱ ጋር ይቀራል፤ የአየር መሳቢያው ፓምፕ ከደከመም ኩባያዎቹ ከላሚቱ ጡት ይወድቃሉ።

በ1867 በደርስሊ ከተማ የተቋቋመው የሊስተር ፋብሪካ የስልባቦት መለያ ይሸጥ ስለ ነበር ይህን ችግር ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በ1909 ሞተር ወደ መሥራት ገባ። በ1926 ያወጣው «ዲ» የተባለው የቤንዚን ሞተር በደቂቃ 700 ዙር እየዞረ 1.5 የፈረስ ጉልበት ብቻ ይሰጥ ነበር፤ በ1929 ደግሞ የናፍጣ ሞተር ተከተለ።

ጉልበቱ ጥቂት ቢሆንም አሠራሩ ብልኅ ነበር። ከባዱ ቮላኖ የእያንዳንዱን ፍንዳታ ግፊት አለስልሶ ያስተላልፋል፤ በግድግዳው ላይ የተዘረጋው ዘንግም በፑሌጃና በቺንጋ ፓምፑን፣ መለያውንና የቅቤ መናጫውን በየፍጥነታቸው ያዞራል። ካንዴላ መጥረግና ቫልቭ መሞረድ የባለቤቱ የራሱ ሥራ ነበር። በክረምት ሌሊት የማቀዝቀዣውን ውሃ ማፍሰስ የዘነጋ ገበሬ ግን ሲነጋ ሲሊንደሩን በበረዶ ተሰንጥቆ ያገኘዋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኤሌክትሪክ መስመር በገጠሩ ሲስፋፋ ጸጥተኛው የኤሌክትሪክ ሞተር ቦታውን ወረሰ፤ መውረሱም ተገቢ ነበር። ሆኖም መብራት በጠፋ ቀን ላሞቹ እንዳይጎዱ መጠባበቂያ ጄኔሬተር ማስፈለጉ አልቀረም። የናፍጣ ወፍጮ ሲበላሽ የአገራችን ገጠር ምን ያህል እንደሚቸገር ለምናውቅ መሐንዲሶች ከዚህ የምንቀስመው ትምህርት አለ፤ ይኸውም አንድን ሞተር ስንመርጥ ከጉልበቱ አስቀድመን፣ ሲቆም በአካባቢው ማን እንደሚያስነሣው መጠየቅ ይገባናል።